ጥቁር፣ ባለማሰሪያ፣ ቁጥር አርባ አንድ

«ዛሬስ ስንት ብለሽ ልትጽፊ ነው፣ ወይዘሮ ስንትነው?» አሉኝ ሽማግሌው ጫማ ሰሪ፣ ጫማ የሚወጥሩባቸውን የእንጨት ቅርጾች ከግድግዳው ላይ አንድ በአንድ እያወረዱ።

ስሙን ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። ከስታቲስቲክስ ቢሮ እየመጣሁ በየወሩ አንድ ጥያቄ ስጠይቃቸው አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፦ የወንድ ጫማ፣ ጥቁር፣ ባለማሰሪያ፣ ቁጥር አርባ አንድ፣ ስንት ነው? የኑሮ ውድነት የሚለካው እንዲህ ባሉ ጥያቄዎች ነው። ባንኮቹም ወለድ ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት ያንን ልኬት አይተው ነው ይሉናል አለቆቻችን።

መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ እዚህ ቤት ሰባት ሰው ነበር። መዶሻው፣ ሬዲዮው፣ ሳቁ ተደማምሮ ሁለት ሦስቴ ካልጮህኩ የሚሰማኝ አልነበረም። በሩ ጥግ የሚቀመጡት ጫማ ሰፊ ገና ብቅ ስል «ሚስጥር ደብቁ፣ መንግሥት መጣ!» ይሉ ነበር። የሙጫው ሽታ ቀሚሴ ላይ ተጣብቆ ቢሮ ድረስ ይከተለኛል። ያኔ ይሰለቸኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ገብቼ አሸትቼ አሸትቼ አጣሁት።

ዋጋው ለዓመታት ንቅንቅ አላለም። በመርከብ የሚመጣው ርካሽ ጫማ አላስነሳ ብሎት ነበር። እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን ዋጋ ረጋ እያልን ስንደሰት፣ እዚህ ወንበር በወንበር ላይ ይጎድል ነበር። ሁለቱ ሰፊዎች ሞቱ፤ የሁለቱ ዓይን ደከመ፤ ወጣቶቹ አገር ለቀው ሄዱ። በቦታቸው የገባ የለም።

«የለም ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። «ዘግቻለሁ።»

ጣቴ ታብሌቱ ላይ ቆመ።

«አባባ፣ የለም ብቻ አይበቃም። በእርስዎ ጫማ ፈንታ ከሌላ ሱቅ ተመሳሳይ ጫማ መርጬ መመዝገብ አለብኝ።»

«ተመሳሳይ?» ቀና ብለው አዩኝ። የተቆጡ መሰለኝ። ከዚያ ሽርጣቸውን ፈተው ወንበር ላይ ጣሉት። «በይ ነይ እንሂድ። አንቺ ስለ ጫማ ምን ታውቂያለሽ? ጉድ ይሠሩሻል።»

መንገዱን ተሻገርን። ፊት ለፊት ያለው ሱቅ የውጭ ጫማ ብቻ ነው የሚሸጠው። ከተከፈተ ጀምሮ የእሳቸው እግር ረግጦት አያውቅም። ባለሱቋ ስታያቸው ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ጥቁር፣ ባለማሰሪያ፣ አርባ አንድ» አሏት፣ ልክ እንደ እኔ።

አመጣችላቸው። ጎበጥ አድርገው ለቀቁት፤ አሸተቱት፤ ስፌቱን በጥፍራቸው ተከተሉት። አንድ ክፉ ቃል ቢናገሩ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር።

«ደህና ጫማ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሶሉ ሦስት ዓመት ይቆያል። የኔ አስር። እኩል ናቸው ብለሽ እንዳትጽፊ እንጂ ስፌቱስ አይታማም።»

«እንደማይስተካከሉ የሚጻፍበት ቦታ አለው፣ አባባ። እጽፋለሁ።»

ባለሱቋ ዋጋውን ነገረችኝ። «ካለፈው ወር ጨምሯል» አለች ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። «ገና ይጨምራል። ውጭ አገር ያለው ፋብሪካ ሰው አጣሁ እያለ ነው። እዚያ ሰፊዎቹ አርጅተዋል፤ ልጅም እንደ ድሮው አይወለድ። ያሉትም ወጣቶች ደሞዝ ቢጨመርላቸውም መስፋት አንፈልግም ብለዋል አሉ።»

«እዚያም?» አሉ ሽማግሌው።

«እዚያም፣ አባቴ።»

ጫማውን ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋች፤ አልሰጧትም። ብርሃን ወዳለበት ወደ መስኮቱ ይዘውት ሄዱና ጣታቸውን ወደ ተረከዙ ውስጥ ሰደዱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳበሱ።

«ይቺን ስፌት ማሽን አልነካትም» አሉ ቀስ ብለው። «ሰው ነው የቋጫት። የቆየ እጅ ነው።»

እኔ ዋጋውን መዝግቤ ጨረስኩ። እሳቸው ግን ጣታቸውን ከጫማው ውስጥ ሳያወጡ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ቀሩ።