እርሻሽ ይጠብቅሻል

ኢቲዳል ጨዋታውን የተወችው የወንድሟ የሙርሳል መርዶ የመጣ ቀን ነው። ጨዋታው ግን እሷን አልተዋትም።

የስልክ ጨዋታ ነው፤ ስክሪን ላይ እርሻ ይታረሳል፣ ከብት ይረባል፣ ለጎረቤት ስጦታ ይላካል። እህትና ወንድም አብረው ነበር የሚያርሱት። ሙርሳል ለንግድ ከድንበር ከተማዋ ከኩርሙክ ማዶ ወደ ሱዳን ከተሻገረ በኋላም እዚያው እርሻቸው ላይ እየተገናኙ ይጻጻፉ ነበር። ቁጥር የሚባል ነገር በቃሉ አይዝም፤ የገዛ እናቱን ስልክ እንኳ ካልተጻፈለት አያውቀውም።

ከዚያ ማዶ ጦርነቱ ተነሳ። አብሮት የነገደ አንድ ሰው እግሩን እየጎተተ አሶሳ ገባና ሙርሳል የተሳፈረበት መኪና ሲቃጠል ማየቱን ተናገረ። ሬሳ አልመጣም፤ ሶላቱ ግን ተሰገደ፣ ለቅሶው ተለቀሰ። እናታቸው ነዕማ እህል አልቀምስም ብላ አልጋ ያዘች። ገንፎ መቅመስ የጀመረችው ገና በቅርቡ ነው። ኢቲዳል ቀን ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች፣ ማታ እናቷን ታጎርሳለች፤ ጭንቀቷም አንድ ብቻ ነው። እናቷ ዳግመኛ ከተኛች አትነሳም።

ስልኩ መለማመጥ የጀመረው በዚህ መሀል ነው።

«ኢቲዳል፣ እርሻሽን አረም ዋጠው። ተመለሺ።» በሌላ ቀን ደግሞ፣ «ላሞችሽ አልታለቡም። ምን አስቀየምንሽ?» የኮረፈ ባል እንኳ እንዲህ አይነዘንዝም። እያነበበች ታጠፋለች።

ቆይቶ ዘዴው ተለወጠ። «ከጓደኛሽ ስጦታ መጥቶልሻል። ማን እንደላከው ለማየት ግቢ።» ሥዕሉ የማንጎ ዛፍ ነው፤ ከአጥር በር አጠገብ የተተከለ፣ ልክ እንደነሱ ቤት። ኢቲዳልን ቀፈፋት። ጓደኛ ብሎ ነገር። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል።

አንድ ቀን ስልኩን ቻርጅ ላይ ትታው ወደ ገበያ ሄደች። ስትመለስ ነዕማ ስልኩን ይዛ ተቀምጣለች። ማንበብ አትችልም፤ ሥዕሉን ግን አይታለች። አንገቷ ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረላት ግራጫ አህያ። ከሥሩ «ከጓደኛሽ አዲስ ስጦታ። ስሟ ሐኪማ ነው» ይላል።

ሐኪማ ሙርሳል በልጅነቱ የሚወዳት አህያቸው ነበረች። ቀይ ጨርቁን ያሰረላት እሱ፣ ስሙንም ያወጣላት እሱ። ከሞተች ስንት ዘመኗ።

«ይህቺን ማን ነገራቸው?» አለች ነዕማ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ገንፎውም ሳይነካ ደረቀ።

ኢቲዳል በሰው ሐዘን ሲነገድ አይታ ታውቃለች፤ ከሬሳ አልፎ አህያ ድረስ የሚቆፍር ነጋዴ ግን አይታ አታውቅም። በማግስቱ ባጃጅ ይዛ ዲማ ዘንድ ከነፈች። ዲማ የባምባሲ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ለአንድ የጨዋታ ድርጅት ሠርቶ ተመልሶ አሁን አሶሳ ላይ ስልክ ይጠግናል።

ስትናደድ አማርኛዋ ይሰባበራል። «ዲማ፣ እናቴ ምግብ እምቢ አለ። ይሄ ስልክ የኛን አህያ እንዴት ያውቃል?»

ዲማ መልእክቶቹን አየና ሳቅ አለ። «እህቴ፣ የእኔም እንጀራ ይኸው ነበር። የጠፋ ተጫዋች መመለስ። ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የተሰፋ ማጥመጃ አለ። ኳስ ለወደደ ኳስ፣ ሰው ለናፈቀው ሰው።»

«ስሟንስ? ሐኪማን?»

«ስልክሽ ባለበት ስለ አህያዋ አውርታችሁ ታውቃላችሁ?»

ኢቲዳል አሰበች። ለቅሶው ላይ ያንን ያላወራ አልነበረም። ስልኩ ምንጣፉ ላይ ነበር።

«አውርተናል» አለች።

«በቃ፣ ሰምቷችኋል።»

«ብከፍተውስ? የላከውን ሰው ያሳያል?»

«ከከፈትሽማ በሉሽ። አንድ የፈጠራ ስም ያሳዩሻል፣ ከዚያ መውጫ የለም። ስንቱን እንዲህ አድርገን መልሰናል መሰለሽ።» ይህን ሲል ትንሽ ኩራት ቢጤ ፊቱ ላይ ታየ። ኢቲዳልን እሱም አስጠላት።

ስልኩ እጁ ላይ እንዳለ ድምፅ አሰማ። «ጓደኛሽ አሁን እርሻሽ ላይ ነው። እየጠበቀሽ ነው።»

«አየሽ?» አለ ዲማ። «ሲጨንቃቸው እንዲህ ያጣድፋሉ።»

«አጥፋልኝ። ከሥሩ ንቀለው።»

ዲማ ጨዋታውን ሳይከፍት አካውንት የሚሰረዝበትን ገጽ አወጣላት። ስልኩ የመጨረሻ ልመናውን ለመነ፤ «እርግጠኛ ነሽ? ከዚህ በኋላ ጓደኛሽ ሊያገኝሽ አይችልም።»

«ባለጌዎች» አለች። የምትሰርዝበትን ምክንያት ጻፊ የሚል ቦታ ነበረ። «የሞተ ሰው ማጥመጃ አይደለም» ብላ ጻፈችና በገዛ ጣቷ ተጫነችው። አፏ ውስጥ የነበረው ምሬት የለቀቃት መሰላት።

ቤት ገብታ እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። «እማ፣ ጨርሻለሁ። ከእንግዲህ በስሙ የሚነግድ የለም።»

ነዕማ ከግድግዳው ዞረችና አፏን ከፈተች፤ ኢቲዳልም ትኩስ ገንፎ አጎረሰቻት።

ከድንበሩ ማዶ፣ በአንድ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ፣ በተዋሰው ስልክ ላይ ያጎነበሰው ሙርሳል «ይህ ተጫዋች የለም» የሚለውን አነበበ።