እምብርት ፍለጋ

«አሁንም አልመጣም?» አሉ ቄስ ወልደ ጻድቅ ከአለቱ ሥር ቆመው።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ አባዬ። እየከፈተ ነው።»

አመተሥላሴ ስልኳን ወደ ምሥራቅ ዘርግታ አለቱ ጫፍ ላይ ወጥታለች። በዚህ የመንዝ መንደር ኔትወርክ የሚገኘው እዚህ ብቻ ነው። ከኋላዋ፣ ትናንት በእበት በተለቀለቀው አውድማ ዙሪያ፣ ለደቦ የመጣው ሠላሳ ያህል ሰው በንጋቱ ብርድ ባናውን ተከናንቦ ይጠብቃል። በሬዎቹ ተሰብስበዋል፣ ጠላውም ደርሷል። የገብሱ ክምር ግን ገና አልተከፈተም። የሚጠበቀው የእሷ ቃል ነው።

አመተሥላሴ አዲስ አበባ የአየር ትንበያ ባለሙያ ናት። ለዕረፍት አባቷ ቄስ ወልደ ጻድቅ ዘንድ በመጣች ማግሥት ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ አንድ ደካማ አውሎ ተነሣ። ስም እንኳ አልወጣለትም። ቢሆንም መንዝን ለማርጠብ አቅም አያንሰው ይሆናል፤ ሦስት ቀን ሙሉ ዐይኗን ከእሱ ላይ ያልነቀለችውም ለዚህ ነው።

«ሰማዩ ይኸው ጥርት ብሏል!» አሉ ሽማግሌው ጋሽ ተክለጻድቅ፣ መንሻቸውን ተደግፈው። «ይህን እያየን ከስልክ ምን እንጠይቃለን?»

«አምናስ ጠርቶ አልነበር?» አለች ወሰኔ፣ የአመተሥላሴ የወንድም ሚስት።

አምና በዚሁ በኅዳር፣ ጠዋት ጠርቶ የነበረ ሰማይ ከቀትር በኋላ ዝናቡን አወረደና አውድማ ላይ የተሰጣው ገብስ በቀለ። ቤተሰቡ ክረምቱን የገፋው በዘመድ እህል ነው። ዛሬ ደቦው ይበተን እንዳይባል ደግሞ ተራው ተመልሶ የሚደርሳቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ጎታውም ባዶ ነው።

ስልኩ ጮኸ። ተረኛ ሆኖ ያደረው የሥራ ባልደረባዋ ይሥሐቅ ነው።

«አመቴ፣ የጠዋቱ የሳተላይት ምስል ደረሰሽ?»

«ግማሹ። አንተ እምብርቱን የት አደረግኸው?»

«እኔ ከትልቁ ደመና ሥር ነው ያስቀመጥኩት። ሌሎቹ የትንበያ ማዕከሎች ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ አውጥተውታል። ብርቱ ቢሆን ዐይኑ ራሱ በነገረን ነበር፤ ይሄ ግን መላ ቅጡ የጠፋ ነው።»

ጭንቁ ሁሉ እዚህ ላይ ነበር። አውሎው የሚዞርበት እምብርት ከደመናው ሥር ከሆነ ነፍስ አለው ማለት ነው፤ እርጥበቱን በአፋር በኩል ገፍቶ ሳይመሽ ከመንዝ ገደል ጋር ያላትመዋል። ከደመናው ተነጥሎ ከሆነ ግን አበቃለት። በጨለማ ሳተላይቱ የሚለየው የረጅሙን ደመና ቀዝቃዛ አናት ብቻ ነው። ዝቅ ብሎ የሚሽከረከረው ስስ ደመና እንዲታይ ፀሐይ ያስፈልጋል፤ እዚያ ባሕሩ ላይ ደግሞ ፀሐይ ከመንዝ ቀድማ ትወጣለች።

ምስሉ ከላይ ወደ ታች፣ በጥቂት በጥቂቱ ተከፈተ። መጀመሪያ ነጩ የደመና ክምችት ብቅ አለ፤ ወፍራም ነው፣ ያስፈራል። ቀጥሎ ባሕሩ መጣ። ከበርበራ ወደብ በላይ፣ ደመና በሌለበት ጠፍ ውኃ ላይ፣ በልቃቂት ላይ እንደሚጠቀለል ፈትል የቀጠኑ የደመና ክሮች አንዲት ነጥብ ዙሪያ ተጠማዘዋል።

«ይሥሐቅ፣ ወደ ምዕራብ ተመልከት። በርበራ ፊት ለፊት።»

«አገኘሁት!» ብሎ ጮኸ። «እምብርቱ ራቁቱን ቀርቷል!»

እሷ ግን ቶሎ አላመነችም። ከሩብ ሰዓት በፊት የተነሣውን ምስል አስላከችውና ሁለቱን እያፈራረቀች አየች። ክሮቹ ያችኑ ነጥብ ይዞራሉ፤ ትልቁ ደመና ወደ የመን ይሸሻል። ተለያይተዋል።

ከአለቱ ስትወርድ አባቷ ክንዷን ያዙ።

«የት አገኘሽው?»

«በርበራ አጠገብ ነው። ከጠረጠርነው ይልቅ ወደ እኛ ቀርቧል።»

«ቀርቧል?» ፊታቸው ጠቆረ።

«ቀርቧል፣ አባዬ። ግን ውኃውን ጥሎ ነው የመጣው። ደመናው ከድቶታል።»

ቄስ ወልደ ጻድቅ ሰዉን ዞረው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዲህ?»

«የመዝነብ ዕድሉ አነስተኛ ነው» ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። መሥሪያ ቤት የሚጻፈው እንዲህ ነው።

«ልጄ፣ የእግዚአብሔርን ምሥጢር አልጠየቅሁሽም» አሉ አባቷ። «ክምሩን ልክፈት ወይስ አልክፈት?»

«ይክፈቱት» አለች። «ዛሬም ነገም አይዘንብም።»

ካህኑ አማትበው ወደ አውድማው አቀኑ። «ተነሡ! ልጄ ክፈቱ ብላለች!» ሲሉ ሠላሳው ሰው ባናውን እየጣለ ተነቃነቀ። ወሰኔ እልል አለች። ጋሽ ተክለጻድቅ «እኔስ ሰማዩ ጠርቷል አላልኩም?» ቢሉ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ አመተሥላሴም ሳቀች፣ እንባዋ ቀድሟት።

አባቷ መሰላሉን ወጥተው የክምሩን ክዳን ገለጡ። የታመቀው ትንፋሽ በብርዱ አየር ላይ እንደ ቀጭን ጭስ ተነሣ።

«አመቴ፣ ነይ እስቲ» አሉ ቁልቁል። «እጅሽን ክተቺ።»

መሰላሉን ወጥታ እጇን በነዶዎቹ መካከል እስከ ክንዷ አስገባች። ገብሱ ደረቅ ነው። ውስጡ ደግሞ እንደ ተኛ በሬ ጎን ይሞቃል።