የፀሎት ንጉሤ

«ንጉሤን ጥሪልኝ» አለች ሙሉ፣ ፍራንክፈርት ቬስትኤንድ ሰፈር ካለው ዩኒቨርሲቲ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የሟች ልጇ ቢሮ በር ላይ ቆማ። «ልቆጣው አይደለም የመጣሁት። እሑድ የልጄ የፀሎት አርባ ነው። ከጎኔ ቆሞ ያልቅስ፤ እሱም ሐዘንተኛ ነው።»

ሪሃብ ከፀሎት ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ትሠራ የነበረች ልጅ ናት። እዚሁ ፍራንክፈርት ተወልዳ ያደገች፤ አማርኛዋ ቢሰበርም ያግባባል። «የትኛው ንጉሤ፣ እትዬ?»

«ወዳጇ ነዋ! አታድበስብሺብኝ። በዚሁ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ በስልክ ‹ዛሬም ከንጉሤ ጋር ነው የማድረው› ስትል። ሳያገባሽ ከወንድ ጋር የምታድሪ ከሆነ ደጄን እንዳትረግጪ አልኳት።»

አልረገጠችም። ስምንት ወር ሙሉ። ከዚያ ብስክሌቷ ላይ እንዳለች መኪና ገጫት።

ሪሃብ እንደ መቀመጥ አለች። «እትዬ… ያን ቀን በስልክ ከእኔ ጋር ነበረች። ንጉሤ… እሱ ሞቷል። ከሺህ ሦስት መቶ ዓመት በፊት። የድሮ እንግሊዝ ንጉሥ ነው፤ ዶክቶርአርባይቷን፣ የዶክትሬት ጽሑፏን የምትጽፈው ስለ እሱ ነበር። የኔ ንጉሥ ለማለት ነው ‹ንጉሤ› የምትለው።»

ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳየቻት፤ የአንድ ትንሽ ገዳም መዝገብ ፎቶ። የሰውየውን ስም ነገረቻት፣ የሙሉ ምላስ አልያዘውም።

«ምን ይላል?»

«አንድ ክረምት ነገሠ፣ በበሽታ ሞተ። በቃ። ሁለት መስመር ናት። ፀሎት ለዚህች አራት ዓመት…»

ሙሉን ሳቅ አመለጣት። «ታዲያ አንቺዬ፣ ምነው ለእናቷ ብትነግራት?»

«ልትነግርዎት ደውላ ነበር። ብዙ ቀን። ‹እናቴ ግትር ናት፣ አታነሳም› ትለኝ ነበር።»

እውነቷን ነው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ሙሉ ፊቱን ጠረጴዛው ላይ ትደፋውና «ከንጉሤዋ ጋር ትፈንጭ» ትል ነበር። በዓል በመጣ ቁጥርም ልቧን የምትደግፈው በዚሁ ነበር፦ ይሁን፣ ብቻዋን አይደለችም፣ ሰው አላት።

«ፋሲካንስ?» አለች ቀስ ብላ። «ፋሲካን ከማን ጋር ፈሰከች?»

ሪሃብ ዐይኗን መስኮቱ ሥር ወዳለው የፀሎት ባዶ ወንበር መለሰች።

«የፋሲካ እሑድ ሕንፃው ዝግ ነበር፣ እትዬ። እሷ ግን ቁልፍ ነበራት።»