ፈጣን መልስ

የወጣቶች አገልግሎት አስተባባሪው ማይኩን ጨብጦ ለወላጆችና ለበጎ ፈቃደኛ አስተማሪዎች ስለ መደማመጥ ሲሰብክ አንድ ሰዓት ሞላው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው ትንፍሽ እንዲል አልፈቀደም።

«በቴሌግራም ግሩፓችን መልስ የሚዘገይበት መልእክት የለም! ወዲያው አሜን ይባላል፤ ክብር ለጌታ!» አለና ፊቱን አጨማደደ። «ከእህት ሶስና በስተቀር ማለቴ ነው። የምታስተምራቸውን ልጆች ጥላ ስትጠፋ አንዲት ቃል እንኳ አልጻፈችልንም።»

«ጽፌአለሁ» አለች ሶስና፣ ከኋላ ወንበር ተነሥታ። ጥቁር ለብሳለች።

«የት? ለመላእክት ነው የጻፍሽው?»

አዳራሹ ሳቀ። አስተባባሪው ይበልጥ ሊያሳፍራት ብሎ ስልኩን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘና የግሩፑን መልእክቶች ግድግዳው ላይ ወደ ኋላ ይገልጥ ጀመር። የሶስና ስም ሲመጣ ጣቱ ቆመ።

«ወገኖቼ፣ እናቴ ዛሬ ሌሊት አረፈች። ቀብሯ ነገ በስድስት ሰዓት ነው። ሰው የለኝም፤ ድረሱልኝ።»

ከሥሩ ወላጆቹም አስተማሪዎቹም በየስማቸው ተሰልፈዋል፤ አሜን፣ አሜን፣ አሜን። ከሁሉም የቀደመው የአስተባባሪው መልስ ነበር።

«አሜን እህቴ! ይብዛልሽ!»