በሄደ ሰው ስም

«ሉንዶች ቤት እየነደደ ነው! ጭሱ እዚህ ድረስ ይታየኛል!» ትላለች በስልኩ ውስጥ ኬይሊ፣ ባለፈው ጸደይ ከከተማ ተድራ የመጣችው ሙሽራ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አሁን እልካለሁ» አለች ዶሪን። የመንደሩን የአደጋ ጥሪ ጽሕፈት ቤት ብቻዋን የምትጠብቀው እሷ ናት። ስልኩን ዘግታ የሬዲዮ መገናኛውን አነሣች።

«ዌድ፣ ሉንድ ቤት እሳት ተነሥቷል። የእሳት አደጋ መኪናዋን አውጣ።»

«ኧረ እትዬ ዶሪን፣ እዚያ ኦና ውስጥ ከአይጥ በቀር ማን አለና? ሳንድዊቼን ልጨርስ?»

«ሣሩ ደርቋል፣ ነፋሱም ክፉ ነው። እያላመጥክ ንዳ!»

ዌድ እየሳቀ ከባልንጀሮቹ ጋር ወደ ሰሜን ወጣ። ዶሪንም እስኪ ልየው ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች። በሰሜን በኩል ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጠርቷል። አንገቷን ወደ ደቡብ ስታዞር ጭሱን አየችው፤ ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው።

ሬዲዮውን ዳግም አነሣች።

በዚያ መንደር ቤት የሚጠራው በሚኖርበት ሰው ሳይሆን በሄደው ሰው ስም ነው። ስቶርቪኮች ሸጠው ከሄዱ ስንት ክረምት አለፈ! ኦርቪል ሉንድ በሰሜን ያለውን የአባቱን ቤት ትቶ በደቡብ ወዳለው የእነሱ ቤት ገባ፤ ሚስቱን የቀበረውም እዚያው ሳለ ነው። ቤቱ ግን እስከ ዛሬ የስቶርቪክ ነው። ይህን ደግሞ ለሙሽራዪቱ የነገራት የለም።

«ዌድ! ተመለስ! ስቶርቪክ ቤት ነው!»

«ሉንድ አላሉኝም እንዴ?»

«ሉንድ ያለበትን ቤት ነው ልጅቱ ያለችው! ኦርቪል ውስጥ ነው!»

በሬዲዮው የሞተሩ ጩኸት ከፍ አለ። ዶሪን ወደ ኦርቪል ደወለች። ከ«ሃሎ» በፊት ሳል ሰማች።

«ኦርቪል! የት ነህ?»

«የት እሆናለሁ፣ ስቶርቪክ ቤት ነኛ» አላት ሽማግሌው። «በሩ ጋ ጭስ ብቻ ነው፣ ዶሪንዬ። እግሬን ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

«ወለሉ ላይ ተኛ። በደረትህ ተሳብ። ስልኩን እንዳትዘጋው!»

«ዌድ የት ደረሰ?»

«አጥርህ ጋ ነው። ተሳብ ብቻ፣ የኔ ጌታ።»

መኪናዋ ገና በመስኮቷ ፊት እያለፈች ነበር። በዚያ መንደር ጣቱን ከመሪው ሳያነሣ፣ ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሹፌር የለም። ዌድ ግን ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳጣበቀ፣ ፊቱን ሳያዞር አለፈ።

በስልኩ ውስጥ የኦርቪል ሳል አሁን አይሰማም። የሚሰማት ከብት በደረቅ ገለባ ላይ ሲሄድ የሚመስል የእሳት ድምፅ ነው። ዶሪን ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ፣ «ተሳብ፣ ተሳብ» ትላለች።