የአንድ ሪንጊት ጀልባ

«ይኼም በነጻ ነው?» አለች የጄሊያን እናት፣ ወንዙ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ እግሮቿን እየዘረጋች።

«በነጻ ነው እማማ» አለ ጁን ደስ ብሎት። «ወንዙም፣ ነፋሱም፣ ማዶ የሚታየው ምሽግም። ማየት አያስከፍልም!»

እሷን ግን ደስ አላላትም። ከጠዋት ጀምሮ ከልጇና ከእሱ ጋር ኩቺንግ ከተማን በእግሯ ስታካልል ነው የዋለችው። የድመቶቹ ሐውልት በነጻ፣ ቤተ መዘክሩ በነጻ፣ የቻይኖቹ ቀይ ቤተ መቅደስ በነጻ፣ የሕንዶቹ መንገድ ላይ ጨርቅ እየዳሰሱ ማለፍ በነጻ። ውሃው እንኳ ከቤቱ በጠርሙስ ቀድቶ ያመጣው ነው። ልጅ ላግባ ብሎ የመጣ ሰው ለአማቱ አንድ የበረዶ ሻይ የማይገዛው ለምንድን ነው? ወይ የለውም፤ ወይ እያለው ይሰስታል፤ ወይ ደግሞ ለሌላ ሴት ያስቀምጣል። ሦስተኛው ይበልጥ ታያት። በየአሥር ደቂቃው ስልኩን እያወጣ ያይ የለ?

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ። የታላቋ ልጇ የሉሎንግ ባል ሲመጣ በኪራይ መኪና አንሸራሽሯቸው፣ ትልቅ ሆቴል ወስዶ ጠረጴዛ ሙሉ ዓሣ አብልቷቸው ነበር። እሷም አፏን ጠርጋ «እሺ» አለች። ዛሬ ሰውዬው የት እንደደረሰ የሚያውቅ የለም። ሁለቱ ልጆቹ ግን ሃያ ቤተሰብ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚኖርበት ረጅሙ ቤታቸው፣ እሷው ምንጣፍ ላይ እያደጉ ነው። ታዲያ ያ ቸሩ እንዲያ ካደረገ ይኼ ቆጥቋጣው ምን ሊያደርግ ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ደግሞም ጊዜ የላትም። አገሯ የሚመልሳት አውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሣል፤ ከዚያ በፊት ለጄሊያን እሺ ወይም እምቢ ማለት አለባት።

«እኔስ ራበኝ» አለች ድንገት።

ከዘንቢሏ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ አወጣች፤ ላዩ ላይ በጢስ የደረቀ ዓሣ አለበት። ገልጣ ለሁለቱም ዘረጋችላቸው። አልራባትም ነበር፤ ልትፈትነው ነው። በእነሱ በኢባኖቹ ዘንድ፣ ምግብ ቀርቦለት ሳይነካ የተነሣ ሰው መንገዱ አያምርም፤ ወይ እባብ ይነድፈዋል፣ ወይ አዞ ይወስደዋል። መብላቱ ግድ አይደለም። በጣት ጫፍ ነካ አድርጎ ከንፈርን ማስነካት ይበቃል። የባሏ ታናሽ ወንድም አንድ ማለዳ «ቸኩያለሁ» ብሎ የቀረበለትን ሩዝ ትቶ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ ጀልባውን ብቻ አገኙት።

«ይቅርታ እማማ፣ ዛሬ አልችልም» አለ ጁን። «ጨረቃዋ ዐሥራ አምስት ቀኗን ሞልታለች። እኛ ቻይኖቹ እንደምናደርገው፣ በዚህ ቀን ለሟች እናቴ ስል ዓሣም ሥጋም አልቀምስም።»

‘ጥሩ ሰበብ ነው’ አለች በሆዷ። ‘የሞተ ሰው ተጠርቶ አይመሰክር!’

ጄሊያን ከስልኳ ቀና ሳትል እጇን አወዛወዘች። «እኔም ጠግቤያለሁ እማ። ጀልባው መጣ፣ በአንድ ሪንጊት ያሻግረናል፤ ተነሡ ተነሡ!»

እናት ደነገጠች። ለሰውዬው ያጠመደችው ወጥመድ ልጇን ያዘባት። ስድስት ዓመት ከተማ የኖረች ልጇ፣ ከእጇ የበላች ልጇ፣ ሳትነካ ተነሥታ ወደ ወንዙ እየሮጠች ነው። ልትጠራት አፏን ከፈተች፤ በዚህ ሰው ፊት ልጇን ማዋረድ መሰላትና መልሳ ዘጋችው። ዘንቢሏን የምታስተካክል መስላ አቀረቀረች።

አቀርቅራ ሳለች ነው የጁንን እጅ ያየችው። የሚያየው ያለ አልመሰለውም። ጎንበስ ብሎ የቅጠሉን ጠርዝ በጣቱ ጫፍ ነካ፣ ከንፈሩን አስነካ፤ ከዚያ ጥቅሉን እንዳለ አንሥቶ ልጅቷን ተከትሎ ሮጠ።

«ነይ ተመለሺ!»

«ምን ሆንክ? ይሄዳል እኮ!» አለች ጄሊያን፣ አንድ እግሯን ጀልባው ላይ አድርጋ።

«ሳትነኪ?»

«ኧረ በናትህ ጁን፣ የባልቴት ወሬ…»

«ለአዞው ንገሪው። ነይ ንኪ።»

የማላይ ተወላጁ ባለ ጀልባ መቅዘፊያውን አቆመ። «ምግብ ቀርቦላት ሳትነካ ነው እንዴ የመጣችው? ውረጂ የኔ እመቤት! እኔ የልጆች አባት ነኝ!»

ጄሊያን ሳቀች፤ ብቻዋን መሳቋን ስታይ ግን ተወችው። ጣቷን ሩዙ ላይ አሳርፋ ከንፈሯን ነካች። ባለ ጀልባው ፈገግ ብሎ፣ ተከትላቸው የመጣችውን እናት ደግፎ ሊያሳፍራት እጁን ዘረጋ።

ወንዙ መሐል ሲደርሱ ጁን ስልኩን አወጣ። «አይዞዎት እማማ፣ አውቶቡስዎ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረዋል። ቀኑን ሙሉ ስልኬ ላይ ሰዓቱን ነው የማየው፣ እንዳያመልጥዎት ብዬ።»

የበረዶ ሻዩን ገና ይቅር አላለችውም። ቢሆንም ዓይኗን ከፊቱ ላይ አልነቀለችም። «መንካቱን ማን አስተማረህ? እሷ ናት?» አለች በአገጯ ወደ ጄሊያን እየጠቆመች።

«እሷማ አዩዋት እኮ!» ሳቀ። «እናቴ ናት። ሳልነካ ከወጣሁ ጫማዋን ይዛ እስከ መንገድ ትከተለኝ ነበር።»

ሴትዮዋ ጥቅሉን ከእጁ ተቀበለችው። ቅጠሉን ጭኗ ላይ ገለጠችና፣ ዓሣው ካልደረሰበት ወገን ነጭ ነጩን ሩዝ ቆንጠር አድርጋ ያዘች።

«እናትህ ስሟ ማን ነበር?»

«ስዌት ሞይ።»

«ስዌት ሞይ» አለች ቀስ ብላ። ጎንበስ ብላም ሩዙን ለሟቿ ውሃው ላይ አኖረችላት።