ንብ የማይነካ መድኃኒት

ፀዳለ ትሉን በጣቷ ትነካዋለች። አይንቀሳቀስም። ከጎኑ ያለውንም ትነካለች፤ እሱም ዝልፍልፍ ብሎ ቅጠሉ ላይ ተዘርግቷል። ትናንት ያነጠፈችላቸው የጉሎ ቅጠል ጫፍ ጫፉ ብቻ ተቀምሶ እንዳለ አለ።

ሌላውን ትሪ ትስባለች። ከዚያ ሌላውን። የሐር ትሎቿ መብላት አቁመዋል፤ አንዳንዶቹም መጥቆር ጀምረዋል።

ክፍሉ የእህቷ ነበር። እህቷ ስትሞት አልጋውን አስወጥታ መደርደሪያ አስገባችበት። ሐር ማርባቱን ከሰፈሩ ሴቶች ጋር በማኅበር ነበር የጀመሩት። አንዷ ልጇ ዘንድ ሄደች፣ አንዷ ጉርድ ሾላ ሱቅ ከፈተች፣ ሌሎቹን ሰለቻቸው። እሷ ቀረች። ሰው ለምን እንዳልተወችው ሲጠይቃት ስለ ክሩ ታወራለች። እውነቱ ግን፣ ጠዋት ስትነሳ የሚጠብቃት ነገር እንዲኖር ነው።

"እትዬ ፀዳለ! አሉ?"

ሊሊሳ ነው፣ ከአጥሩ ወዲያ አትክልት የሚያለማው ጎረቤቷ። እሱ ካልጠራት ስሟን ሳትሰማ የሚመሽባት ቀን ብዙ ነው። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትወጣለች።

በአጥሩ ላይ አንድ ትልቅ ጥቅል ጎመን ያቀብላታል። "ይዩትማ! አንድ ቀዳዳ የለውም።"

"ምን አድርገህበት ነው?"

"ያንን የሚከረፋውን መድኃኒት ተውኩታ! 'ትሎቼን ትፈጅብኛለህ' ብለው ተቆጥተውኝ የለ? ለእርስዎ ብዬ አዲሱን ፈልጌ ገዛሁ። ከባክቴሪያ ነው አሉ የሚሠራው። ሰው አይጎዳ፣ ንብ አይነካ! አባጨጓሬው ብቻ ቅጠሉን ሲበላ ሆዱ ይታሰርና ያልቃል።"

ፀዳለ ወደ ጉሎዎቿ ትዞራለች። አጥሩን ተደግፈው ነው የበቀሉት። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የሱን ማሳ አቋርጦ ነው እነሱ ጋ የሚደርሰው።

"መቼ ረጨኸው?"

"ከትናንት በስቲያ። ምነው?"

"ምንም" ልትለው ትችላለች። ጎመኑን ተቀብላ ትመርቀዋለች፤ ነገም ይመጣል። ብትነግረው ግን... ሰው የበደለውን ሰው ደጅ ይሸሻል።

"ሊሊሳ፣ የሐር ትልም እኮ አባጨጓሬ ነው።"

ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ይቆያል። ከዚያ ጉሎዎቹን ያያል።

"ሁሉም?"

"ጥቂት ሳይተርፉ አይቀሩም።"

"ጠይቄ ነበር እኮ፣ እትዬ። ባለሱቁን ደጋግሜ ነው የጠየቅኩት።"

"አውቃለሁ።"

እሱ ኮፍያውን ያወልቃል፣ መልሶ ያጠልቃል፣ ከቤቱ ጀርባ ይሰወራል።

ተመልሳ ገብታ የሞቱትን ወደ ሳፋ ትለቅማለች። ቀዝቃዛና ለስላሳ ናቸው። ታችኛው ትሪ ላይ፣ ቅጠል ሳትቀይርላቸው ያደሩት ትናንሾቹ፣ እጇ ሲቀርብ ጭንቅላታቸውን ያነሳሉ። ርቧቸዋል። ከደጇ ጉሎ ልትሰጣቸው አትችልም። ንጹሑ ያለው ከሰፈሩ በላይ፣ ዳገቱ ጫፍ፣ ጅረቱ ዳር ነው፤ ጉልበቷ እዚያ ድረስ ከወጣ ቆይቷል።

ቢሆንም ነጠላዋን ታጣፋለች። በሩን ከፍታ ትወጣለች።

ከፊቷ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ ሊሊሳ ባዶ ጆንያ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ማጭድ ይዞ፣ ሽቅብ እየሮጠ ነው።